ቧንቧውን ያሳየችው ሴት

ቀረብ በሉ። ጨለማውን አትፍሩት፤ የምነግራችሁ ነገር የሆነው በጨለማ አይደለም። በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ልክ በቀኑ ስድስት ሰዓት። በዚያ ሰዓት በወንዙ ዳር መንገድ ማን ይሄዳል? ማንም አይሄድም።

ደምለው ግን ሄደ። ደምለው የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ያኔ ከመንደራችን በላይ የቆዳ ፋብሪካ ተተክሎ ውሃችን ጠቁሮ ነበር። ላሞች ያስወርዳሉ፤ የልጆች ገላ ይቆስላል። አቤት ብንል፣ ፋብሪካው ወደ ወንዙ ምንም አንለቅም አለ። ወረዳው ማስረጃ አምጡ አለን። ደምለው ማስረጃ ፍለጋ ወንዙን ይዞ ሽቅብ ወጣ።

መጀመሪያ ውሃ ሲንቦጫረቅ ሰማ። ቀጥሎ ጀርባዋን የሰጠች ሴት አየ። እንስራዋን ትሞላለች፣ ትደፋለች። ትሞላለች፣ ትደፋለች። ጠጋ አለ። የምትደፋው ጥቁር ነው። ቀሚሷ ይንጠባጠባል፤ የቆመችበት አሸዋ ግን ደረቅ ነው። ዞር አለች። ማን ትመስላችኋለች?

እትዬ ብርቄ ናት። ያ ውሃ ሆዷን አሳምሞ የገደላት፣ መቃብሯን ደምለው ራሱ የቆፈረላት።

"ደምለው፣ ና ላሳይህ" አለችው።

ተከተላት። ቁጥቋጦ ገለጠችለት። ከሥሩ የተቀበረ ቧንቧ ጥቁር ውሃ ይተፋል።

በማግስቱ መንደሩ ወረዳው እስኪመጣ ሳይጠብቅ ወጥቶ በድንጋይና በጭቃ ደፈነው። ውሃው ግን አልጠራም። ያኔ ደምለው ለእኔ ብቻ ሹክ አለኝ፤ ሌላም ቧንቧ አለ፣ ብቻህን ከመጣህ አሳይሃለሁ ብላዋለች። አብሬህ ልሂድ አልኩት።

"ሰው ካየች አታሳየኝም፤ ተወኝ" አለኝ።

ተውኩት። ሄደ። ሲመሽም አልመጣም።

ጎህ ሲቀድ ከወንዙ በላይ ካለው ገደል ሥር አገኘነው። ጋቢውን በሁለተኛው ቧንቧ አፍ ጠቅጥቆ፣ በጀርባው ደግፎት ተቀምጧል። ትንፋሽ የለውም። ዓይኑ ተከድኗል፤ አገጩ እንደተገነዘ ሬሳ በሻሽ ታስሯል። ማን አሰረለት? የእትዬ ብርቄ ልጅ ሻሹን አይታ ጮኸች። እናቷ የተቀበረችበት ሻሽ ነው።

እኛም የወረዳ ሰዎች መጥተው በዓይናቸው እስኪያዩ ሬሳውን ከዚያ አናነሳም አልን። ወንድ ሴት ሳይባል ዙሪያውን ከበን ተቀመጥን። በሦስተኛው ቀን መጡ። አዩ። ሁለቱም ቧንቧዎች በሲሚንቶ ተዘጉ፤ ውሃውም ክረምት አልፎ ጠራ።

እናንተ ግን ብቻዬን እሄዳለሁ የሚላችሁን ሰው እሺ አትበሉት። እኔ እሺ ብዬዋለሁ።