የአሸዋው ከረጢት

ፀጉር ሠሪዋ አባቷን ልታስታምም ሆስፒታል የገባች ዕለት፣ ከአባቷ ቀጥሎ ባለው አልጋ ላይ አንድ ወጣት ጣሪያውን እያየ ብቻውን ይስቅ ነበር። ቀኝ እግሩ በብረት ተይዞ ተሰቅሏል። ከእግሩ የተነሳው ገመድ በአልጋው ግርጌ ወደ ታች ይወርድና ጫፉ ላይ አሸዋ የሞላ ከረጢት ተንጠልጥሎበታል።

«ምን ያስቅሃል?» አለችው።

«ይሄን ጣሪያ የቀባው ሰውዬ። አንድ እጅ ብቻ ቀብቶ፣ ሳይደግመው ነው የጠፋው። ስነሳ ፈልጌ አገኘዋለሁ።»

ቀለም ቀቢ ነበር። ከመሰላል ወድቆ የጭኑ አጥንት ተሰብሯል። አጥንቱ ውስጥ ብረት ቢገባለት ቶሎ ይነሳ ነበር፤ ብረቱ ግን አልቋል። ቢኖርም የአጥንት ሐኪሙ አንድ ነው፤ ከከተማ ከተማ እየዞረ ስለሚሠራ እዚህ የሚደርሰው ሲደርስ ነው። እስከዚያው አጥንቱን ጎትቶ ቦታው ላይ የሚያቆየው ያ ከረጢት ነው።

ክፍሉን ቀጥ አድርጎ የያዘው አስታማሚው ነው። ሲስተሯ ብቻዋን ናት፤ አልጋው እስከ በሩ ሞልቷል። የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው፣ የሚያገላብጠው ቤተሰብ ነው። ቀለም ቀቢው ከአንዲት እህት በቀር ሰው አልነበረውም፤ እሷም ከሥራ ወጥታ ነው ብቅ የምትለው። ስለዚህ ፀጉር ሠሪዋ ለአባቷ ውሃ ስታቀርብ ለጎረቤቱም አቀረበች። የአባቷን ፀጉር ስትከረክም የእሱንም ከረከመችለት። ማንጋጠጡን እንጂ ቀና ማለቱን አይችልምና፣ ጭንቅላቱን በመዳፏ ደግፋ ያዘችው። ያ ወሬኛ ሰው ሥራዋን እስክትጨርስ ትንፍሽ አላለም።

አባቷ አይተው እንዳላዩ መሆን አይችሉበትም። «ልጄ፣ አባትሽ እዚህ ነው ያለሁት! አልጋ እንዳትሳሳቺ።»

«አባዬ ደግሞ!»

«ሳልና ፍቅር አይደበቅም እናቴ። ሳሉን እኔ ይዤ ተኝቻለሁ፤ ሌላውን ማን እንደያዘው እንጃ።»

ከሰዓት በኋላ ሕመሙ ይመጣል። ያን ጊዜ ቀለም ቀቢው ቀልዱን ትቶ አንሶላውን ይነክሳል። ማስታገሻው አልቋል። ሲስተሯን ሲጠይቋት «ነገ ይመጣል ብለውናል» ትላለች፤ ትናንትም ያለችው ይህንኑ ነው። ፀጉር ሠሪዋ አንጀቷ አልችል አለ። አንድ ቀን ወደ ግርጌው ሄደችና ከረጢቱን በሁለት እጇ ከፍ አደረገችው።

ገመዱ ላላ። የሰውየው ፊት ተፈታ። አንድ ነገር ሊላት አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

«ተሻለህ?»

«ተሻለኝ። ትንሽ ቆዪልኝ።»

ከዚያ ወዲያ የየዕለት ሥራዋ ሆነ። ከረጢቱን እንደ ሕፃን ታቅፋ ግርጌው ላይ ትቀመጣለች፤ እሱ የቀባቸውን ቤቶች ያወራላታል፤ እሷ ክንዷ እስኪዝል ትሰማዋለች።

«ስነሳ የፀጉር ቤትሽን እቀባዋለሁ» አላት አንድ ቀን።

«በስንት?»

«እሱን ከባለቤቷ ጋር እንነጋገራለን።»

«ባለቤቷማ እኔ ነኝ።»

«እኮ!»

አንገቷን ደፋች። ከረጢቱን ግን አልለቀቀችም።

በመጨረሻ፣ ከብዙ ሳምንታት በኋላ፣ ሐኪሙ መጣ። ራጁን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግቶ ብዙ ቆየ።

«አጥንቱ ገጥሟል» አለ። «ግን ተደራርቦ ነው የገጠመው። እግሩ አጥሯል። ይህን ከረጢት ማነው ሲያነሳው የነበረው?»

ፀጉር ሠሪዋ ሁለት እጆቿን አየች። ልትኳል ሄዳ ዓይኗን አጠፋች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

«እኔ ነኝ» አለ ቀለም ቀቢው። «በእህቴ ጃንጥላ እየሳብኩ።»

ሐኪሙ ሊቆጣ ጀምሮ ተወው፤ ደክሞታል። «እንደገና ሰብሮ ማስተካከል የሚቻለው ትልቁ ሆስፒታል ነው። ተራ መያዝ ነው።»

«ተራው መቼ ይደርሳል?» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«ባውቀው ደስ ባለኝ፣ እህቴ» አለና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ።

አልጋው ለሌላ ተፈለገና ቀለም ቀቢው ወደ እህቱ ቤት ተሸኘ። እግር የሚያለማምድ ባለሙያ ስላልነበረ ክራንች ሰጥተው «ቀስ እያልክ» አሉት። ፀጉር ሠሪዋ ሲስተሯን ኮሪደሩ ላይ ይዛ ሁሉንም አፈረጠችላት።

«እሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ ያነሳሁት! ምነው ቢነገረኝ?»

ሲስተሯ ግድግዳውን ተደገፈች። «ለእሱ ነግሬዋለሁ። የተሰቀለ ዕለት፣ ማንም እንዳይነካብህ ብዬ። ለየአስታማሚው ልንገር ብል መቼ ልሥራ፣ እህቴ?»

ፀጉር ሠሪዋ በማግስቱ ወደ እህቱ ቤት ሄደች። ክፍሏ ጠባብ ናት። ለመቀመጥ ክራንቹን አንስታ በሩ አጠገብ አስደገፈችው።

«ታውቅ ነበር» አለችው።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«መጀመሪያ ስላመመኝ። በኋላ ግን...» ጣቶቹን ተመለከተ። «ከረጢቱን ስትለቂው ወደ አባትሽ ትመለሻለሽ። ተነስቼ አልከተልሽ። ሌላ መላ አልነበረኝም።»

«በእኔ እጅ!» አለች። «ከእንግዲህ መሰላል የማትወጣው በእኔ እጅ ነው! ይህን ይዤ እንዴት ልኑር? ለእኔ አላሰብክም?»

«አላሰብኩም። አንቺ እስክትመጪ ያለውን ሰዓት ብቻ ነበር የማስበው።»

ወደደችውም ጠላችውም። ተነስታ በሩ ጋ ደረሰች። እሱም ሊነሳ ሞከረ፤ እግሩ ከዳውና መልሶ ተቀመጠ። ክራንቹ በሩ አጠገብ ነው። አቀብዪኝ አላላትም። ክራንቹን አየ፤ ከዚያ መሬት መሬቱን አየ። ያን ፊት ታውቀዋለች፤ ከሰዓት በኋላ አንሶላ ሲነክስ ታየው የነበረው ፊት ነው።

ክራንቹን አንስታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«ይኸው። የማነሳልህ ይህ የመጨረሻው ነው። ከፈለግኸኝ ተነሳና ተከተለኝ።»

ወጣች። ነፋስ የማይቀድማት ልጅ፣ ያን ቀን ከደጃፉ እስከ መንገዱ አዘገመች። እንባዋን እንዳያይባት ዞራ አላየችም። ከኋላዋ ለጊዜው ምንም አልተሰማም። ቆይቶ ክራንቹ ድንጋዩን መታ። ዝም አለ። ደግሞ መታ።

እርምጃዋን ይበልጥ ቀነሰች።