በመጽሔቱ ገጽ ላይ ያለው እጅ

ቁጭ በይማ እህቴ፣ ለቡ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት የሆነውን ልንገርሽ። የተማሪዎቹን መጽሔት የሚያሠራው መምህር ምትኩ ሰኞ ከሰዓት ከትምህርት ቤቱ ጅምር ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ወድቆ ሞተ። በረንዳውን የሚከልለው በገመድ የታሰረ አጣና ብቻ ነበር። ገመዱን ሰው ፈትቶታል። መምህሩ ሳያውቅ ሲደገፈው ከነአጣናው ወረደ።

ለመጽሔቱ ፎቶ ሊያነሱት አብረውት ወጥተው የነበሩት ሦስት ተማሪዎች ናቸው፤ ፎቶ ያነሳችው ዝማሬ፣ ብሩኬና ዮዳሄ። እነሱ ሲወርዱ እሱ ስልክ ሊያወራ ቀረ።

ረቡዕ ፖሊስ ብሩኬን ወሰደው። ዝማሬ ባዘጋጀችው ገጽ ላይ፣ ከመምህሩ ጀርባ ጥግ ላይ፣ ገመዱን የያዘ እጅ ይታያል። ቀኝ እጅ ነው፣ ሰዓት አስሯል። ሰዓት በቀኝ እጁ የሚያስር ብሩኬ ብቻ ነው። በዚያ ላይ የዚያን ቀን ጠዋት ከመምህሩ ጋር ተጨቃጭቋል።

እናቱ ገበያነሽ ሦስት ቀን ጣቢያ በር ላይ ዋለች። ምግብ ታስገባለች፣ ሳህኑ እንዳለ ይመለሳል። ምን ታድርግ? ከጎኗ ያልተለየችው የዮዳሄ እናት ገዲሴ ናት። ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤት፣ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። እጅ ለእጅ ተያይዘው «ጌታ ሆይ፣ እውነቱን አውጣው» እያሉ ይጸልያሉ።

ቅዳሜ መርማሪዋ ሳጅን ገላኔ ልጆቹንም እናቶቹንም ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ሰበሰበች። ገጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«እናቴ፣ የወንድ ሸሚዝ ኪሱ በየት በኩል ነው?»

«በግራ ነዋ» አለች ገበያነሽ። «ስንቱን ተኩሻለሁ!»

«የመምህሩን ይዩት እስቲ።»

መነጽሯን አደረገች። «በቀኝ... እንዴ!»

ሳጅኗ ወደ ዝማሬ ዞረች። «ፎቶውን ምን አደረግሽው?»

«እንደ መስታወት ግራውን ወደ ቀኝ ገለበጥኩት» አለች ልጅቷ። «ፊቱ ወደ ገጹ ውጪ ያይ ነበር። የሰው ፊት ወደ ጽሑፉ ማየት አለበት ብሎ ያስተማረን ራሱ ቲቸር ነው።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ? ዲዛይን ነው ብዬ ነዋ!»

ዋናው ፎቶ ስልኳ ውስጥ አለ። ከፈቱት። ኪሱ ወደ ግራ ተመለሰ፤ ሰዓት ያሰረው እጅም ግራ እጅ ሆነ።

«እንግዲህ» አለች ሳጅን ገላኔ፣ «ፎቅ ላይ የነበሩት ሦስት ናቸው። ዝማሬ ፎቶ እያነሳች ነበር። ብሩኬ ሰዓት በግራው አያስርም። ማን ቀረ?»

ዮዳሄ የግራ እጅጌውን ወደ ታች ጎተተው።

«የገመዱ ጫፍ ተንጠልጥሎ ፎቶው ውስጥ ይገባ ነበር» አለ። «ቲቸር ከሰው ጀርባ ያለው ንጹህ ይሁን ይለናል። ፈታሁት። መልሼ አስረዋለሁ ብዬ... ረሳሁት።»

«ጓደኛህ ሲታሰርስ?»

«ፈራሁ።»

ገበያነሽ እልል ልትል አፏን ከፈተች። የገዲሴ እጅ ግን አሁንም እጇ ውስጥ ነው፣ በረዶ ሆኗል።

«ገዲሴዬ...» አለች።

«ጸሎታችን ተሰማ አይደል» አለቻት ገዲሴ፣ እጇን ሳትነጥቅ።

ብሩኬ በዚያው ቀን ቤቱ ገባ። ገበያነሽ ልጇን አቅፋ ጮክ ብላ ማመስገን እንኳ አልቻለችም፤ ከግድግዳው ማዶ ገዲሴ አለች፣ ትሰማለች። ሄዳ ምን ትበላት? እስከ ዛሬ አልሄደችም።

እባክሽ እህቴ፣ ዛሬ ስትጸልዪ ዮዳሄን በስሙ ጥሪልኝ።