ግጥሙ የማን ነው?

ሐርጌሳ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ለራሷ የምትሆነው ዓርብ ከሰዓት ብቻ ነው። እኔ ያንን ሰዓት የማሳልፈው 31 ሜይ ሰፈር፣ ሐበሾች በሚሰበሰቡባት ምግብ ቤት ግቢ ነበር። ሳምንቱን ብሎኬት ሲደረድር የሚከርመው ናኦድ እዚያ ማይክ ይዞ በሬጌ ምት ግጥም ያነባል። አዲስ አበባ የተማረው የአገሬው ልጅ ዓብዱላሂ ቤዝ ጊታር ይመታለታል። ናኦድ ሲያነብ ዓይኑ እኔ ላይ ይቆያል፤ እኔም ፊቴን አላዞርም። ከዚያ አልፎ የሚደፍር ጠፍቶ ስንት ዓርብ አለፈ።

በመጨረሻ እኔ ደፈርኩና የራሴን ግጥም ሰጠሁት። በሳምንቱ አነበበው፦

«ሳምንቱን በሙሉ ‹አንቺ› ስባል ከርሜ፣
ዓርብ ሲመጣ ብቻ ትዝ ይለኛል ስሜ…»

ግቢው በጭብጨባ ተናወጠ። «ናኦድ፣ እጅህ ይባረክ» አሉት። እሱ ፈገግ አለ እንጂ የማን እንደሆነ አልተናገረም። ሳልሰናበተው ወጣሁ።

በማግስቱ ደወለ።

«አሠሪሽ ብትሰማ ታባርርሻለች ብዬ ነው።»

«ታዲያ አፍ አለኝ አይደል? አትጠይቀኝም ነበር?»

«ያንቺ መሆኑን ስነግረው ዓብዱላሂ ተቆጣኝ» አለ። «በእነሱ ወግ የሌላ ሰው ግጥም የሚያነብ፣ አስቀድሞ ባለቤቱን ይጠራል። ‹ስሟን ካልጠራህ አልመታልህም› አለኝ። አፈርኩ፣ ቤርሳቤህ።»

ጋአን ሊባህ ሰፈር ያለውን የአሠሪዬን የአርዶን ቤት አሰብኩ። ከእኔ ገንዘብ የሚጠብቁትን ወንድሞቼንም አሰብኩ። ፈራሁ።

«ስሜን ጥራው» አልኩት።

ዓርብ ዕለት «ግጥሙ የቤርሳቤህ ነው» ብሎ ጀመረ። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ እንባዬን መያዝ አቃተኝ፤ እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም።

ወሬው እስከ ሰኞ አርዶ ጆሮ ደረሰ። አልጮኸችም። «በሰው ፊት ካማሽኝ ሌላ ቤት ፈልጊ» አለችኝ።

ስደውልለት ናኦድ ከሥራ ቀርቶ የአርዶ ቤት በር ላይ ጠበቀኝ። እጄን ሊይዝ ፈልጎ፣ መንገዱ ላይ ሰው ስለበዛ የሻንጣዬን አንድ ማንጠልጠያ ያዘ። ሌላውን እኔ ያዝኩ።

«በእኔ ጦስ ነው» አለኝ አንገቱን ደፍቶ።

«በግጥሜ ነው» አልኩት። «ይሄንንም ልትወስድብኝ ነው?»

ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። ሻንጣውን በሁለት ወገን እንደያዝን እስከ ዋሄን ገበያ ወረድን። እንደማገባው ያወቅሁት ያኔ ነው።