የተሸጠ ዕቃ አይመለስም

«እውነት የምትሉ ወደ መስኮቱ፣ ሐሰት የምትሉ ወደ በሩ!» አለች ሲስተር እጇን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግታ።

ሲስተር የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። አልፎ አልፎ እየመጣች የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ስለ ሰውነታቸው ታስተምራለች። ወንበሮቹን ግድግዳ ታስጠጋና አንድ አባባል ታነብባለች፤ ተማሪው በእግሩ ይመልሳል። እስካሁን ጨዋታው ሳቅ በሳቅ ነበር። «የወር አበባ ላይ ያለች ልጅ መሮጥ የለባትም» ሲባል ግማሹ መስኮት ግማሹ በር ጋር ሆኖ ሲጯጯህ፣ የጎረቤት ክፍል መምህር ብቅ ብሎ ተቆጥቶ ሄዷል።

አሁን የተነበበው ግን ከተማሪዎቹ አንዷን፣ ድንቢጥን፣ ባለችበት ገተራት።

«ሴት ልጅ በሠርጓ ሌሊት ካልደማች ድንግል አልነበረችም ማለት ነው።»

ድንቢጥ የሚለውን ስም ያወጣችላት ታላቅ እህቷ ናት፤ ስትወለድ ከማነሷ የተነሳ። እሷም በፈንታዋ እህቷን «እታለም» ትላታለች። እታለም ተምራ፣ ሥራ ይዛ፣ ከሁለት ወር በፊት ወግ ባለው ሠርግ አገባች። በሦስተኛው ቀን ከነሻንጣዋ ተመለሰች። ባልየው «ደም አላየሁም» አለ፤ እናቱ «ልጃችሁን ተረከቡ» ብላ በር ላይ አወረደቻት። በቃ፣ ይኸው ነው ጥፋቷ! አፍ ዳገት አይፈራም፤ ወሬው ከሻንጣው ቀድሞ ሰፈር ገብቶ ጠበቃት።

እታለም የተናገረችው አንዴ ብቻ ነው። «ወንድ አላውቅም ነበር» አለች። እናት «ሆድ ይፍጀው» ብላ አፏን አስያዘቻት። አባት ተነስቶ ወደ ሱቁ ሄደ። የዚያኑ ቀን ድንቢጥ ከእህቷ ጋር ከምትተኛበት ክፍል ወጥታ ሳሎን እንድትተኛ ተደረገ። «የአንቺ ስም እንኳ ይትረፍልኝ» አለች እናት። ድንቢጥም «ለምን?» አላለችም። ፍራሿን ራሷ ጎትታ አወጣች።

አሁን ክፍሉ በሙሉ እየተጋፋ ወደ መስኮቱ ይተማል። ራዲዮ እጅጌዋን ጎተተቻት። ራዲዮ የልብ ጓደኛዋ ናት፤ አፏ ስለማይዘጋ ነው ራዲዮ የተባለችው።

«ነይ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል? ይቺማ መልሷ የታወቀ ነው!»

በሩ ጋር ዝንብ እንኳ የለም። እዚያ ብቻዋን ብትቆም ሁሉም ለምን እንደቆመች ያውቃል። ወሬውን ያልሰማ የለማ! ድንቢጥ አንገቷን ደፍታ መስኮቱ ጋር ሄደች።

ሲስተር ባዶውን የበሩን በኩል አየችው። አልሳቀችም።

«እንግዲያው እኔ ብቻዬን ልቁም» ብላ ሄዳ በሩ ጋር ቆመች። «ሐሰት ነው፣ ልጆች። ብዙ ሴቶች የመጀመሪያቸው ቀን አይደሙም። እናንተ ‹ማኅተም› የምትሉት ነገር ማኅተም አይደለም፤ በብልት አፍ ዙሪያ ያለ ስስ፣ የሚለጠጥ አካል ነው። ሴት ከተወለደች ጀምሮ ክፍት ነው። የታሸገ ቢሆንማ የወር አበባ በየት በኩል ይወጣ ነበር?»

ራዲዮ ሳትቀር አፏን ዘጋች።

«ቅርጹ እንደየሰዉ ይለያያል፤ እንደ ጆሯችሁ በሉት። አንዷ ትደማ ይሆናል፣ ሌላዋ ጠብ ላይላት ይችላል። ሐኪም እንኳ አይቶ ‹ይህች ናት፣ ያቺ አይደለችም› ሊል አይችልም። በዚህ ምክንያት ስንት ሴት ያለ ጥፋቷ እንደተዋረደች ብታውቁ...» ሲስተር እጇን እንደገና ዘረጋች። «አሁንስ የት ትቆማላችሁ?»

እየተንሾካሾኩ፣ እየተሳሳቁ ወደ በሩ ጎረፉ። ቀላል ነው ለእነሱ! ድንቢጥ ግን እግሯ እምቢ አላት። አሁን ዘላ ብትሄድ ምን ልትባል ነው? መስኮቱ ጋር ብቻዋን ቀረች።

«ድንቢጥ!» አለ ረጅሙ የሚሉት ከወዲያ ማዶ። ነገር ካልተነኮሰ የማይበላ ልጅ ነው። «እናንተ ሱቅ ‹የተሸጠ ዕቃ አይመለስም› ተብሎ ተለጥፎ የለም እንዴ? የእናንተው እንዴት ተመለሰ?»

ሳቁ ክፍሉን ሞላው። ሲስተር «ውጣ!» ብላ ስትጮህ፣ ድንቢጥ ቀድማው ወጥታለች።

ከትምህርት ቤት በቀጥታ የሄደችው ወደ አባቷ ሱቅ ነው። አባቷ የኤሌክትሪክ ምድጃና ካውያ ይሸጣል፤ የተበላሸም ይጠግናል። አንዱን ካውያ ሆዱን ከፍቶ ጎንበስ ብሏል። ድንቢጥ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። ማስታወቂያው የለም። የፕላስተሩ ምልክት ብቻ በአራቱ ማዕዘን ቀርቷል።

«አባዬ፣ ‹የተሸጠ ዕቃ አይመለስም› የሚለው የታለ?»

«አነሳሁት።»

«መቼ?»

«እህትሽ የመጣች ዕለት» አለ ቀና ሳይል። «ዓይኔ እዚያ ላይ እያረፈ አላሠራኝ አለ።»

ድንቢጥ ሲስተር ያለችውን እየተንተባተበች ነገረችው። ፊቷ እሳት መሰለ፤ ከአባት ጋር የሚወራ ነገር አይደለማ። እሱ ብሎን በጥርሱ እንደያዘ እስከ መጨረሻው ሰማት፤ ከዚያ አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠው።

«እኔ እኮ አምናታለሁ» አለ። «ልጄን አላውቃትም? ገና በር ላይ ዓይኗን ሳየው ነው ያመንኳት።»

«ታዲያ ነግረሃታል?»

ብሎኑን መዳፉ ላይ አገላበጠው።

«አባዬ! ሁለት ወር ሙሉ እኮ ብቻዋን ነው የምትበላው!»

«እንዴት ብዬ ልጀምረው? ደግሞ ሰዉ... ሰዉ ምን ይላል?» በዘይት በቆሸሸ እጅጌው ዓይኑን ጠረገ። «በይ ሂጂ አሁን። ደንበኛ ይመጣል።»

ድንቢጥ ከሱቁ ማዶ ቆማ ትንሽ ጠበቀች። የመጣ ደንበኛ አልነበረም።

ቤት ስትደርስ እታለም አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ የድንቢጥን የደንብ ልብስ ቁልፍ እየተከለች ነበር። ክስት ብላለች። ድንቢጥ የበሩ ደፍ ላይ ቆመች፤ ክፍሉ ውስጥ ከገባች ሰነባብታለች።

«ሲስተር ዛሬ ስለ ደሙ ነገር አስተማረችን። ሐሰት ነው፣ እታለም። ብዙ ሴቶች አይደሙም።»

መርፌው ቆመ።

«እኔ ሐሰት መሆኑን ለማወቅ ሲስተር አላስፈለገችኝም» አለች እታለም በቀስታ። «እንዴት አስተማረቻችሁ?»

ድንቢጥ ስለ መስኮቱና ስለ በሩ ነገረቻት።

«አንቺስ መጀመሪያ የት ቆምሽ?»

«በሩ ጋር» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ማን ያያል? ማን ይመሰክርባታል? የእህቷ ዓይን ግን ፊቷ ላይ ነበር፤ የመጣች ዕለት አባቷ ያየው ያው ዓይን።

«መስኮቱ ጋር» አለች። «ሲስተር ብቻዋን ነበረች በሩ ጋር።»

«እሺ» አለች እታለም። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ብትሰድባት በተሻላት ነበር።

«አባዬ ያምንሻል። ዛሬ ሱቅ ነገረኝ።»

«ለአንቺ ነገረሽ?»

«አዎ።»

«ለአንቺ» አለች እታለም እንደገና፤ ከዚያ ፊቷን የደንብ ልብሱ ውስጥ ቀብራ ተንሰቀሰቀች። ከተመለሰች ጀምሮ ሰው ፊት ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነው። ድንቢጥ ልታቅፋት ፈለገች፤ ግን በየትኛው ፊቷ? እሷም ደፉ ላይ ቆማ አለቀሰች።

ሲወጣላት ሳሎን ሄደች። ፍራሹን ከነአንሶላው ትጎትት ጀመር። እናቷ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ምን እየሠራሽ ነው አንቺ? ምን አልኩሽ እኔ? ሰው ምን ይላል?»

«እማዬ፣ እባክሽ የበሩን መጋረጃ ያዢልኝ፤ አላሳልፍ አለኝ።»

እናት አልያዘችላትም፤ አልከለከለቻትምም። ድንቢጥ በትከሻዋ ገፍታ አስገባችው። እታለም ዓይኗን እየጠረገች አየቻት፤ የድንቢጥ የድሮ ቦታ በመስኮቱ በኩል ነው፣ አሁንም ባዶውን ነው። ድንቢጥ ግን ፍራሹን ደፉ አጠገብ ጣል አደረገችው።

«ያንቺ ቦታ እኮ እዚህ፣ መስኮቱ ጋር ነው» አለች እታለም።

«አይ» አለች ድንቢጥ አንሶላውን እያስተካከለች። «ከዛሬ ጀምሮ በሩ ጋር ነኝ።»