ያልደረቀው የዋንዛ ወንበር

ሁለት የሰፈሩ ሽማግሌዎች ከደጅ ሳይገቡ መርዶውን ዱብ አደረጉት። «አቶ አበረ፣ ወልደ ሰንበት ሞቷል። ራሱ ተፈንክቶ፣ እቤቱ ውስጥ።»

አቶ አበረ ጣሊያን ማርቆስ ሳይገባ የአገሩ ዳኛ ነበሩ። ዛሬ ዳኝነቱም የለ፤ ሚስታቸውም አፈር ከገባች ሦስት ዓመቷ ነው። ብቻቸውን በልተው ብቻቸውን ያድራሉ። ገብቶ የሚጠይቃቸው ወዳጅ ወልደ ሰንበት ብቻ ነበር። «አሁንማ ማን ቀረኝ» አሉ በሆዳቸው።

ነገሩ በመርዶ አላበቃም። ጣሊያን የሾመው ግራዝማች ባዘዘው፣ የወልደ ሰንበትን የእህት ልጅ፣ አብራው የምትኖረውን ሥራነሽን፣ ገዳይ ናት ብሎ በገመድ አስሯታል። የአገሩ ሰው በአንድነት ተቀምጦ ወንጀለኛ የሚያወጣበት አውጫጭኝ ይደረግልን ብለው ሽማግሌዎቹ ቢለምኑት፣ ጀምበር እስክትጠልቅ ፈቀደ። ከዚያ በኋላ ለጣሊያን ሊያስረክባት ነው። ጣሊያን እጅ ገብቶ የተመለሰ ሰው ደግሞ በዚያ ሰፈር አልታየም።

አቶ አበረ እሟቹ ቤት ሄደው ሬሳውን አዩ፤ ግን አላለቀሱም። ወልደ ሰንበት ራሱ በወፍጮው ድንጋይ ጠርዝ ተፈንክቶ ወድቋል። አጠገቡ የሟች ሚስቱ የዋንዛ ወንበር ቆሟል። እድፉንና ጥቀርሻውን በስባሪ ጠርሙስ ሲፍቅ ከርሞ፣ የኑግ ዘይት አጠጥቶታል። «የሚቀመጥበት ሰው ባይኖርም ላሳምረው» ይል ነበር፣ ምስኪን። አቶ አበረ ጎንበስ ብለው አዩት። ዘይቱ እኩል ያበራል፤ አንድ የጥጥ ክር እንኳ አልተጣበቀበትም። መደቡ ላይ አጎዛ ተነጥፏል።

«ልጄ፣ ወንበሩ መቼ ተቀባ?» አሏት ታስራ የቆመችውን ሥራነሽን።

«ዛሬ ጠዋት፣ አያ አበረ። ውኃ ልቀዳ ስወጣ አጎቴ እየጨረሱ ነበር። ሦስት ቀን ማንም እንዳይቀመጥበት ብለውኛል።»

«አጎዛውን ያነጠፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም። ስወጣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር።»

ቀጥሎ ጠዋት በሟቹ ደጅ የታየው የማርቆሱ ሰም ነጋዴ በሽር ተጠየቀ።

«ዘይቱ ሲደርቅ የሚያሹበት ሰም አዘውኝ አመጣሁ» አለ። «ግባ ቢሉኝ ገበያ ረፍዶብኛል ብዬ ከደጃፍ ተመለስኩ። ወላሂ እግሬ ወደ ውስጥ አልገባም። ስሄድ ግራዝማች ከበቅሏቸው ሲወርዱ አይቻለሁ።»

ባዘዘው አልካደም። «ለመንገድ ሥራ ሰው እንዲያወጣ ልነግረው መጥቼ ነበር» አለ።

«በክብር ተቀበለዎት?»

«እንዴታ፤ ሹም ነኝ እኮ። ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ፣ ጠላ ቀዳልኝ፣ በሰላም ተለያየን።»

«ይህንኑ ኩታ ለብሰው?»

«ይኼንኑ። ምነው?»

«እንዲያው ንጣቱ ገርሞኝ ነው» አሉ አቶ አበረ።

ጀምበሯ ስታዘቀዝቅ ሕዝቡ ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። አቶ አበረ ወንበሩን አስወጥተው መሃል አስቀመጡትና በሽርን መዳፍህን አሳርፍበት አሉት። ሲያነሳው መዳፉ በዘይት ወዝቷል፤ አሻራውም ወንበሩ ላይ ቀርቷል።

«ሥራነሽ ከወንዝ የተመለሰችው አብረዋት ውኃ ከቀዱት ሴቶች ጋር ነው፤ እነሱም ያን ጊዜ ደሙ ረግቶ ነበር ብለዋል» ብለው ጀመሩ። «አጎዛው የተነጠፈው እሷ ከወጣች በኋላ ነው፤ እንግዳ ገብቷል ማለት ነው። በሽር አልገባም። የገቡት ግራዝማች ናቸው፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩም ብለዋል። ቢቀመጡ ኖሮ የወንበሩ ዘይት ግማሹ ኩታቸው ላይ በሆነ። እዩት፣ እንደ ወተት ነጭ ነው።»

ሕዝቡ ኩታውን አየ።

«ሰው ጥፋቱን ቢደብቅ የወግ ነው። ባልተቀመጠበት ተቀመጥኩ የሚል ግን ያን መቀመጫ ተነፍጌያለሁ ብሎ ያኮረፈ ነው። ወልደ ሰንበት ልብስዎ እንዳይበላሽ አስቦ አጎዛ አነጠፈልዎ። እርስዎ ግን ተናቅሁ አሉ።»

ባዘዘው ኩታውን ሰብሰብ አደረገ። «ወንበር እያለ እኔን መደብ ላይ ተቀመጥ አለኝ» አለ። «እርጥብ ነው ሲለኝ ሰበብ መሰለኝ። አንድ ጊዜ ነው የገፋሁት።»

ከባዘዘው ጋር የመጡት ሁለት ታጣቂዎች ተያዩ። አንዱ፣ አንሙት የሚባለው፣ ጠመንጃውን አንግቶ የሥራነሽን ገመድ ፈታ።

አቶ አበረ የጋቢያቸውን ጫፍ ከባዘዘው ኩታ ጫፍ ጋር አጥብቀው ቋጠሩ። «ከሳሽ ከተከሳሽ ጋር ተቋጥሮ ዳኛ ፊት እንደሚቀርብበት እንደ አባቶቻችን ወግ፣ ቁራኛዎ እኔ ነኝ። ማርቆስ አብረን ገብተን ቃሌን እሰጣለሁ።»

«ጣሊያን ሹሙን ለቆ አንተን ቢይዝስ?» አሏቸው ሽማግሌዎቹ።

«ቢይዘኝስ? እቤት የሚጠብቀኝ ማን አለ?»

ሥራነሽ ገመዱ ያቆሰለውን እጇን እያሸች ወደ ፊት ወጣች። «እኔ አለሁ፣ አያ አበረ። እስኪመጡ እህል አልቀምስም።»

ቀኑን ሙሉ ሲጠይቁ የዋሉት ዳኛ ቋጠሮውን ሳብ አድርገው፣ ፊታቸውን ከሰው አዙረው መንገድ ጀመሩ።