ያልጻፍነው ደንብ የሰጠው ተራ

እኔ ለዛር አጎብድጄ፣ ለጠንቋይ አንዲት ዶሮ አውጥቼ አላውቅም፣ ሰይጣን አየሁ የሚለኝንም ዓይንህን ታጠብ ነው የምለው፣ ይህን ያየሁት ግን በጠራራ ፀሐይ ነው፣ እመኑኝ።

ከአንኮበር ቁልቁለት ባለችው መንደራችን የመስኖ ውኃ ተራ የማወጣው እኔ ነኝ፣ ሴት ብሆንም፣ ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል ባያልፍም፣ አድልዎ ስለማልወድ መረጡኝ። ከእኔ በፊት የነበሩት የውኃ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ተራ ሲናገሩ የቦዩን ድንጋይ በከዘራቸው ሦስቴ ይመቱ ነበር።

ደብረ ብርሃን ፕሮግራም የምትሠራው የልጅ ልጄ ትዕግሥት ላፕቶፗን ይዛ መጣች፣ ደንቡን አንድ በአንድ ነገርኳት፣ የሁላችን ስም ያለበት፣ ዳታቤዝ የምትለው የኮምፒውተር መዝገብ ውስጥ አስቀመጠችው፣ ስቶርድ ፕሮሲጀር ይባላል አለችኝ፣ ተራ የሚያሳየን የስልክ ፕሮግራም በስሙ ጠርቶት መልሱን ይቀበላል እንጂ ደንቡን አይነካም፣ እኔም ዘመድ አይቶ ተራ የሚያዛባ እጅ አይደርስበትማ ብዬ ፈነደቅሁ።

ጎረቤቴ የሺ ባሏን የቀበረችው በዚያው ሳምንት ነው፣ ሽንኩርቷ ጠውልጓል፣ ያን ቀን ካልጠጣ አለቀለት፣ በዝርዝራችን ግን የመጨረሻዋ ናት።

ትዕግሥት ደንቡን ጠራችው። ከላፕቶፑ ውስጥ ውኃ ሲንፎለፎል ሰማን፣ ማራገቢያው ነው አለች፣ ቀጥሎ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ከዚያ ስም ወጣ፣ አንደኛ የሺ!

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፣ ሐዘን የገባበት ቤት ይቀደማል፣ የጥንት ደንባችን ነው።

«እማዬ፣ ይህን ነግረሽኛል እንዴ?»

«አልነገርኩሽም፣ ረስቼዋለሁ።»

ያስቀመጠችውን ደንብ ከፍታ መስመር በመስመር አነበበችልኝ፣ ሐዘን የሚል የለም። ጭራሽ ሰረዘችው፣ እንግዲህ ብጠራውም የለም ነው የሚለኝ አለች፣ ደግማ ጠራችው። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። አንደኛ የሺ፣ ሁለተኛ እኔ።

አሥራ አራተኛ ነበርኩ እኮ! ትዕግሥት «ለራስሽ አደላሽ በይኛ» ብላ ልትስቅ ሞከረች፣ ሳቁ አልወጣላትም። በሐዘን ከሆነ የቀደምኩት፣ እኔ ቤት ማን ሞተ?

ለየሺ ውኃውን ወዲያው ለቀቅንላት፣ ፍርዱ ትክክል ነዋ፣ ሽንኩርቷም ቀና አለ። የእኔ ተራ ሲደርስ ግን ለሦስተኛው ሰጠሁት፣ ግትር ይበሉኝ፣ ያንን ውኃ ማሳዬ አላስገባም። አሁን ጠዋት ጠዋት ለልጆቼም ለልጅ ልጆቼም እየደወልኩ ድምፃቸውን እሰማለሁ። ዛሬ ሁሉም አነሱ፣ ትዕግሥት ብቻ ገና አላነሳችም፣ ስብሰባ ላይ ትሆናለች።