እኔ ነኝ፣ ተነስ

እንቅልፋሙን መጀመሪያ ያየሁት ተኝቶ ነው። ክፍል ውስጥ ከኋላ ወንበር፣ ጉንጩን ኪቦርዱ ላይ ጥሎ። መምህራችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ሲመድበን የኔ ዕጣ እሱ ላይ ወደቀ። ቀና ሲል ቁልፎቹ ጉንጩ ላይ ታትመዋል። ሳቅኩ፤ በዚያው አለቀልኝ።

ትምህርቱ ሶፍትዌርን እንደማንኛውም ሸቀጥ ለገበያ ስለመሥራት ነበር። መምህራችን ራሱ ሶፍትዌር ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እግሩን እያወዛወዘ ያስተምራል።

«እስከ ዛሬ የምትሠሩት እኔ ውጤት እንድሰጣችሁ ነበር» አለን። «አሁን የምትሠሩት ለማያውቃችሁ ሰው ነው። እሱ ካልወደደው እኔ ብወደው ምን ይረባችኋል?»

እኛ የማንቂያ መተግበሪያ ልንሠራ ተስማማን። ሐሳቡም የሱ፣ ችግሩም የሱ። ደወል የሚባል ነገር አይቀሰቅሰውም፤ ቤተሰቦቹም ተስፋ ቆርጠውበታል። እኔ ግን ማለዳ ደውዬ ሁለት ቃል ስናገር ብድግ ይላል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ልቤ ነው የሚሰማሽ» ይለኛል። አመንኩት፤ ምን ላድርግ?

መምህራችን ሥራችንን ሞከረና ስልኩን መለሰልን። «ጥሩ ነው። ግን ደወል በየስልኩ ሞልቷል። ሰው የናንተን ለምን ይመርጣል?»

እንቅልፋሙ አንገቱን ደፋ። ከጠረጴዛው ሥር እጁን ያዝኩት።

በዚያው ሰሞን አክስቴ ታመመችና ላስታምማት ሄድኩ። እሷ ዘንድ ስልክ እየተቆራረጠ ስለሚያስቸግር፣ ፍቅረኛዬ ተኝቶ እንዳይቀር ድምፄን ቀድቼ ላክሁለት። «ተነስ እንጂ አንተ እንቅልፋም! ፀሐይዋ እንኳ አፈረችብህ።» ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እኔ ነኝ፣ ተነስ።» ያቺ የመጨረሻዋ ለሱ ብቻ ነበረች።

አክስቴ ድና ስመለስ መናኸሪያ ጠበቀኝ። አቅፎ ከመሬት አነሳኝ።

«ሰዉ አበደ እኮ! ሁሉም መተግበሪያችንን ስልኩ ላይ እየጫነው ነው!»

«ምን ቀየርክበት?»

«ትንሽ ነገር» አለና ዓይኑን ወደ ሻንጣዬ መለሰ። ድካም መሰለኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ከመኝታ ቤት ስወጣ እናቴ ወገቧን ይዛ ቆማለች።

«አንቺ፣ በዚህ ማለዳ ሾፌሩ ቤት ምን ስትሠሪ ነበር?»

ሾፌሩ ግድግዳ የሚጋራን ጎረቤታችን ነው፤ ወንደላጤ።

«እማዬ፣ አሁን ከአልጋዬ መነሳቴ ነው።»

«ድምፅሽን ላጣው? ወልጄሽ? ምን እንዳልሽው ልድገምልሽ?»

መድገም አላስፈለጋትም። ሾፌሩ ለካ መልሶ ተኝቶ ኖሯል። እኔ ከናቴ ፊት አፌን ዘግቼ ቆሜ፣ ድምፄ ከሾፌሩ ስልክ በግድግዳው አልፎ መጣ። «ተነስ እንጂ አንተ እንቅልፋም!» ከዚያ ዝግ ብሎ፣ «እኔ ነኝ፣ ተነስ።»

እናቴ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። እኔ ግን የምቀመጥበት ጠፋኝ። ራቁቴን አደባባይ የቆምኩ ያህል አፈርኩ።

ኮምፒውተር ክፍል ሄጄ ከእንቅልፋሙ ፊት ቆምኩ። ገና ሲያየኝ ገባው።

«ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ?»

«መምህሩ ያለውን ሰምተሻል። ደወል ማንም አይፈልግም። ሰው የሚፈልገው የሚያስብለት ድምፅ ነው። ያ ደግሞ አንቺ ጋ አለ።»

«እኔ ያሰብኩት ላንተ እኮ ነው።»

«ሰው ስለወደደሽ ትቆጪያለሽ?»

«ሰው ስለወደደኝ ነው የሸጥከኝ?»

«አንቺን ማን ሸጠሽ? ድምፅሽን ነው።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እሱ መቀመጤን እሺታ አድርጎ ወሰደው።

«ነገ ጠዋት አንድ ድርጅት ሊገዛው ቀጥሮኛል። እስከዚያ ይቆይ። ከተፈራረምን በኋላ አወጣዋለሁ፤ በናትሽ።»

ቀጥሮኛል አለ። ቀጥሮናል አላለም።

«ዛሬ አውጣው» አልኩት።

«ነገ» አለና ፊቱን ወደ ስክሪኑ አዞረ።

የሁለታችን ሥራ ስለሆነ ለማሻሻል እኔም ፈቃድ አለኝ። ቤት ገብቼ ድምፄን አወጣሁና እሱ ራሱ መጀመሪያ የሠራውን ደወል መለስኩ። ለውጡ በየስልኩ ደረሰ፤ የሱም ስልክ ላይ።

በማግሥቱ ከግድግዳው ወዲያ ደወል ሲጮህ ነቃሁ። እንቅልፋሙን የምቀሰቅስበት ሰዓት ነበር። እጄ ለምዶበት ስልኬን አነሳ፤ ስሙ ላይም ደረሰ። አሁንም እወደው ነበር፤ ክፋቱም ይኸው ነው። ስልኩን ትራስ ሥር ከተትኩና እናቴ ዘንድ ሄጄ ቁርስ አብሬያት ሠራሁ።

ረፋዱ ላይ ደወለ። ድምፁ ገና ከእንቅልፍ አልወጣም።

«አመለጠኝ» አለ። «ሰዎቹ ጠብቀው ሄዱ። ለምን አልቀሰቀስሽኝም?»

«ደወልህ አልጮኸም?»

እናቴ ሳህኖቹን ማንሳት ትታ ታየኛለች።

«ድምፁን ያወጣሽው አንቺ ነሽ?»

የምመልስለትን ቃል ያኔ ራሴ ቀድቼ ልኬለት ነበር። ዝግ ብዬ፣ ልክ እንደዚያን ጊዜ፣ «እኔ ነኝ» አልኩት።

ያኔ ነቃ።